ወንድምሽ መልቀቂያውን አይፈርም

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ደሴ ነው። ታላቅ ወንድሜ 34 ዓመቱ ነው፣ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ፔሮል የሚሠራው እሱ ነው። ዓይኑ ቀስ እያለ ሲደክም ቆይቶ ዘንድሮ ጭራሽ ጠፋ። ሐኪሞቹ ግላኮማ ነው ብለውናል። አሁን ብርሃንና ጨለማ ይለያል፣ ሰው ግን አይለይም። አለቃው ‹መልቀቂያ አስገባና ቤትህ አርፈህ ተቀመጥ፣ እናግዝሃለን› ብሎታል። ዘመዶቻችን ደግሞ ገንዘብ አሰባስበን፣ ካልሆነም መሬቱን ሸጠን ውጭ አገር እናሳክመው ይላሉ። እማዬ ውሃ እንኳን ራሱ እንዲቀዳ አትፈቅድለትም። ከቤት መውጣት ካቆመ ወራት አልፈዋል። የመዳን ተስፋ አለው? ሥራውን ይልቀቅ? ብሬል ቢማርስ ይጠቅመዋል? እህቱ ነኝ፣ 27 ዓመቴ ነው።»

ምላሽ፦ መልቀቂያውን አይፈርም። ሌላው ሁሉ ጊዜ ይሰጣል። ፊርማ ግን አንዴ ካረፈ አረፈ ነው። አለቃው በክፋት ተናገረ አልልም። ብዙ አለቆች ዓይነ ስውር ሠራተኛ ሲሠራ አይተው ስለማያውቁ ደግነት የሚመስላቸው «እረፍ» ማለት ነው። ይሁንና «እናግዝሃለን» የሚል ቃል በየወሩ ደመወዝ ሆኖ አይመጣም። ሁለት ሦስት ወር ይታወሳል፤ ከዚያ አለቃ ይቀየራል፣ በጀት ይጠባል፣ ይረሳል። በሕግም በኩል በገዛ ማመልከቻ መልቀቅና መሥራት አለመቻሉ በሐኪሞች ቦርድ ተረጋግጦ መሰናበት አንድ አይደሉም። የስንብት ክፍያውና የጡረታ መብቱ ላይ ልዩነት ያመጣሉ። ወደ ሕጉ እመለሳለሁ፤ መጀመሪያ ሕክምናው።

ዘመዶቻችሁ ተሳስተዋል፣ የተሳሳቱበት ምክንያት ግን ይገባኛል። ወሎ ውስጥ ዓይኑ ጠፍቶ፣ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ተወስዶ፣ ፋሻው ሲነሳለት የልጅ ልጁን ፊት ለይቶ ያቀፈ ሽማግሌ የማያውቅ ቤተሰብ ጥቂት ነው። የዚያ ሽማግሌ ችግር ሞራ ነበር። ሞራ የዓይን ሌንስ መደፍረስ ነው። የደፈረሰው ይወጣል፣ በቦታው ሰው ሠራሽ ሌንስ ይገባል፣ እይታ ይመለሳል። በ1998 ዓ.ም. የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር መሆኑን አሳይቶ ነበር፤ ከነዚህ ግማሽ ያህሉን ያሳወረው ሞራ ነው። ግላኮማ 5 በመቶ አካባቢ ብቻ ነበር። ስለዚህ በየሰፈሩ የምትሰሙት የመዳን ታሪክ አብዛኛው የሞራ ታሪክ ነው። የወንድምሽ ሕመም ግን ሌላ ነው።

ግላኮማ የሚጎዳው ነርቩን ነው፤ ዓይን ያየውን ወደ አንጎል የሚያደርሰውን። ብዙውን ጊዜ ዓይን ውስጥ ያለው የፈሳሽ ግፊት ከፍ ብሎ ይጎዳዋል፤ ግፊቱ ከፍ ሳይልም የሚጎዳበት ሁኔታ አለ። አብዛኛው ዓይነት አያምም። እይታን ከዳር ጀምሮ ስለሚበላ ሰውየው ፊት ለፊቱ ያለውን እያየ ለዓመታት ሳይነቃ ይቆያል። ወንድምሽም ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ቁጥር እያነበበ በሩን እየገጨ ያለፈበት ጊዜ እንደነበረ ብትጠይቂው ሳይነግርሽ አይቀርም። የሞተውን ነርቭ መልሶ የሚያስነሳ ሕክምና ዛሬ ሕንድም የለም፣ ታይላንድም የለም፣ አሜሪካም የለም። ጠብታውም፣ ሌዘሩም፣ ቀዶ ሕክምናውም የቀረውን ለማቆየት እንጂ የጠፋውን ለመመለስ አይደሉም። «በስቴም ሴል እናድናለን» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ገንዘባችሁን ያዙ። መሬቱም አይሸጥ።

አንድ ነገር ግን አድርጉ። ከዚህ በፊት ካላየው፣ አንድ የግላኮማ ስፔሻሊስት ደግሞ ይየው፤ አስፈላጊ ከሆነ አዲስ አበባ ድረስ። ጥያቄዎቹን ይዛችሁ ግቡ፦ ከግላኮማው ጋር ሞራ ተደርቦ አለ ወይ? የሁለቱም ዓይን ግፊት አሁን ስንት ነው? የቀረው እይታ የት አካባቢ ነው? ሞራ ከተደረበ እሱን ማውጣት ትንሽ ሊረዳው ይችላል። ካልተደረበም መልሱ ይታወቅና ቤተሰቡ ከጥርጣሬ ይወጣል።

ጠብታው አይቋረጥ። «ዓይኑ ከጠፋ ምን ይሠራለታል» የሚሉ አሉ። ብርሃንና ጨለማ መለየት ትንሽ ነገር አይደለም፤ መስኮቱ የት እንዳለ፣ መብራት መብራቱን፣ ደጅ መውጣቱን የሚነግረው እሱ ነው። ከዚህም ሌላ ግፊቱ ያለ መድኃኒት ከተተወ ዓይኑ ከባድ ሕመም ሊጀምረው ይችላል። ጠበል ካላችሁ ጠበሉ ይቀጥል፣ ዱዓ ካላችሁም ዱዓው ይቀጥል፤ ጠብታው ግን ከጎኑ ይሂድ። አስም ካለበት ለሐኪሙ ይንገር፤ ቲሞሎል የሚባለው በብዛት የሚታዘዘው ጠብታ ለአስም ሕመምተኛ አደገኛ ነው።

ያልጠየቅሽኝን ደግሞ ልንገርሽ። ግላኮማ በቤተሰብ ይሄዳል። ወንድሙ ወይም እህቱ ግላኮማ ያለበት ሰው የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው ይበልጣል። አንቺና ሌሎች ወንድም እህቶችሽ፣ ምንም ባይሰማችሁ፣ ዘንድሮ የዓይን ምርመራ አድርጉ። ግፊት መለካት ብቻ አይበቃም፤ ሐኪሙ የዓይን ነርቩንም ይይ። በእናንተ ላይ ከተገኘ በጊዜ ይያዛል። ይህ ምላሽ ለወንድምሽ ዓይን ብዙ ላይሠራ ይችላል፤ ለአንቺ ዓይን ግን ሊሠራ ይችላል።

አሁን ወደ ቤታችሁ። ደብዳቤሽ ውስጥ ዘመዶች ያሉት አለ፣ አለቃው ያለው አለ፣ እማዬ የምታደርገው አለ። እሱ ምን እንደሚል ግን አንድ ቃል የለም። ይህን የማነሳው ልወቅስሽ ብዬ አይደለም፣ በብዙ ቤት የማየው ነገር ስለሆነ ነው። ዓይን ሲጠፋ ሰዎች ድምፅም አብሮ የጠፋ ይመስላቸዋል። ሐኪም ቤት ነርሷ አንቺን «ምን ሆኖ ነው?» ትልሻለች። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ ሒሳቡን ከአንቺ ይጠይቃል። ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ ሲሆን «እሱን ጠይቂው» በይ፣ ከዚያ ዝም በይ። እሱ ይመልስ።

እማዬ የምታደርገው ከፍቅር ነው። ነገር ግን 34 ዓመት የሞላው ሰው ውሃ ሲቀዳለት ከዋለ፣ ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ እጁ ራሱ መዘርጋት ይተዋል። ውሃ መቅዳት የሚማረው በአንድ ከሰዓት ነው። ብርጭቆውን በግራ እጁ ይይዛል፤ የአመልካች ጣቱን ጫፍ ከብርጭቆው ከንፈር ወደ ውስጥ ትንሽ ያጠልቃል፤ የጆጉን አፍ ብርጭቆው ጠርዝ ላይ አስደግፎ ያፈሳል። ውሃው ጣቱን ሲነካው ያቆማል። ለትኩስ ነገር ጣት አይገባም። እዚያ ላይ የሚያገለግሉት ክብደቱና ድምፁ ናቸው፤ ስኒ ሲሞላ ድምፁ እየቀጠነ ይሄዳል። በቀዝቃዛ ውሃ ተለማምዶ ነው ወደ ሻይ የሚሄደው። ይፈስሳል። ይፍሰስ። እማዬ ጨርቁን ለእሱ ትስጠው እንጂ አትቀማው።

ለቤቱ ሦስት ደንብ ብቻ አውጡ። በር ወይ ጥርቅም ይደረጋል፣ ወይ ግድግዳው ድረስ ይከፈታል፤ ገርበብ ያለ በር ግንባር ይፈነክታል። ዕቃ ከቦታው ከተነሳ ወይ ይመለሳል፣ ወይ ይነገረዋል። ከሰል ያለበት ምድጃ መተላለፊያ ላይ አይቀመጥም፤ ቡና ሲፈላ ጀበናው የት እንዳለ ይነገረው። ከዚያ ያለፈውን ተዉት። በፊት ይሠራ የነበረውን የቤት ሥራ መልሱለት፤ የመብራትና የውሃ ሒሳብ መክፈልም ይሁን አልጋ ማንጠፍ። ዕድርም ይሂድ፣ ለቅሶም ይድረስ። «እሱን ተዉት፣ ዓይኑ አያይም» ተብሎ ለቅሶ የቀረ ሰው ሰፈሩ ቀስ በቀስ ይረሳዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ። ማዘን ትክክል ነው፤ ዓይኑን ያጣ ሰው ለዓይኑ ያለቅሳል፣ ማንም አይከልክለው። ነገር ግን እንቅልፍ ካጣ፣ ምግብ ከተወ፣ «ብሞት ይሻለኛል» ማለት ከጀመረ፣ ምክር ብቻውን አይበቃም። ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይዛችሁት ሂዱ። ይህ ሕመም ይታከማል።

ከቤት ለመውጣት ነጭ በትር ያስፈልገዋል። እኔም የምሄደው በነጭ በትር ነው፤ ስለዚህ የምነግርሽ ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ነጭ በትር የሽማግሌ ምርኩዝ አይደለም፤ አይደገፉበትም። ቀጥ ብሎ ሲቆም ቁመቱ ደረት አጥንት አካባቢ መድረስ አለበት፤ ፈጣን ተራማጅ ከሆነ ከዚያም ይረዝማል። እጀታው እምብርት ፊት ለፊት ይያዛል፤ ጫፉ ከትከሻ ስፋት ትንሽ አለፍ ብሎ ግራና ቀኝ መሬት ይነካል። ቀኝ እግር ሲራመድ ጫፉ በግራ ይሆናል፣ ግራ እግር ሲራመድ በቀኝ። እንዲህ ሲሆን ቀጣዩ እግር የሚያርፍበት ቦታ ቀድሞ የተፈተሸ ነው።

ደሴ ለበትር ከባድ ከተማ ናት፤ አልደብቅሽም። ኮብልስቶኑ ጫፉን ይይዘዋል። የጎርፍ ቦዩ ብዙ ቦታ ክዳን የለውም፤ ክዳን ያለውም ከመካከሉ አንዱ ተነስቶ ይጠብቅሻል። ፒያሳ አካባቢ ባጃጆች የእግረኛውን መንገድ ተደግፈው ይቆማሉ። ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ ጆሮ የሚመካበት ድምፅ ሁሉ ይጠፋል፤ እንደዚያ ያለ ጊዜ በረንዳ ስር ቆሞ ማሳለፍ ብልህነት ነው። በሌላ በኩል ደሴ የምትረዳበትም መንገድ አላት። ተዳፋት ከተማ ናት፤ እግሩ ወደ ላይ እየወጣ ይሁን እየወረደ ይነግረዋል፤ ሜዳ ከተማ ላይ የማይገኝ ምልክት ነው። ወንድምሽ ብርሃን ስለሚለይ ጠዋት ፀሐይ ፊቱን ከመታችው የጦሳ ተራራ ከጀርባው ነው ማለት ነው። አዛኑ፣ ደወሉ፣ የወፍጮ ቤቱ ድምፅ፣ የዳቦ ቤቱ ሽታ፣ ሁሉም አድራሻ ይሆናሉ። ኮምቦልቻ ደግሞ ይበልጥ ሜዳ ስለሆነ ከታክሲ ወርዶ እስከ ፋብሪካው በር ያለውን መንገድ መልመዱ የተሻለ ቀላል ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደው የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ የሾፌሩ ሥራ ነው፤ እሱ የሚማረው ከቤት እስከ መናኸሪያ፣ ከመውረጃ እስከ ቢሮ ያለውን ነው።

ይህን ግን ከቪዲዮ አይማር። መንገድ ማቋረጥ በስህተት የሚማሩት ነገር አይደለም። የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማህበርን ጠይቁ። ዓይነ ስውር ተማሪዎች ያሉባቸው ትምህርት ቤቶች የልዩ ፍላጎት መምህራን አሏቸው፤ እነሱንም አነጋግሩ። በትሩን ለዓመታት የያዘ ዓይነ ስውር መምህር ወይም ጠበቃ ካገኛችሁ ደግሞ ከምንም በላይ ነው። ወንድምሽ የሚያስፈልገው ማበረታቻ ብቻ አይደለም፤ ጠዋት ለብሶ ሥራ የሚሄድ ዓይነ ስውር ሰው ጋር ቁጭ ብሎ ማውራት ነው።

እስከዚያ አብራችሁት ስትሄዱ እጁን አትጎትቱ፣ ከኋላም አትግፉት። እሱ ያንቺን ክንድ ከክርንሽ ከፍ ብሎ ይያዝ፣ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ይሁን። ስትወርጂ ሰውነትሽ ሲወርድ ይሰማዋል። ደረጃ ሲመጣ «ደረጃ፣ ወደ ላይ» ማለት ይበቃል። «ተጠንቀቅ!» ብቻ ብለሽ አትጩኺ፤ ከምን እንደሚጠነቀቅ አያውቅም።

አንድ የሚያም ነገር ይጠብቀዋል፣ ቀድሞ ቢያውቀው ይሻላል። በትር ይዞ ሰው ሲጠብቅ ከቆመ አንድ ሰው መጥቶ እጁ ላይ ብር ያስቀምጥለታል። በቅንነት ነው። የመጀመሪያው ቀን አንጀት ይቆርጣል፤ በዚያ ቀን ምክንያት በትሩን አልጋ ስር የወረወሩ ሰዎች አውቃለሁ። መልሱን ቀድሞ ያዘጋጅ፦ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ሥራ እየሄድኩ ነው፤ የኮምቦልቻ ታክሲ የቱ እንደሆነ ብትነግረኝ ግን ደስ ይለኛል።» ሰውየው የፈለገው መርዳት ነውና የሚረዳበት ትክክለኛ ነገር አገኘ።

ስለ ብሬል ጠይቀሻል። ይማረው፣ ግን አሁን አይደለም። ለልጅ ብሬል ማንበብና መጻፍ ማለት ስለሆነ የግድ ነው። ወንድምሽ ግን ፊደል ያውቃል፣ ኪቦርድ ያውቃል፣ ሥራው ኮምፒውተር ላይ ነው። ደመወዙን የሚያስቀጥልለት መጀመሪያ የስክሪን አንባቢ ነው። ኤንቪዲኤ የሚባለው ፕሮግራም በነፃ ይጫናል፤ በ2006 እ.ኤ.አ. መሥራት የጀመሩት ሁለት አውስትራሊያውያን ራሳቸው ዓይነ ስውራን ናቸው። ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ ያነባል። አብሮት የሚመጣው ኢስፒክ የሚባል ድምፅ አማርኛም ያነባል። አነጋገሩ የማሽን ነው፤ መጀመሪያ ያስጠላል፣ ጆሮ ይለምደዋል። ስልኩ አንድሮይድ ከሆነ ቶክባክ ውስጡ አለ፤ ሴቲንግ ገብቶ ማብራት ብቻ ነው። ቶክባክ ሲበራ ስልኩ አንዴ ሲነካ ያነባል፣ ሁለቴ ሲነካ ይከፍታል፤ ይህን ሳያውቁ አብርተው «ስልኩ ተበላሸ» ብለው የሚያጠፉ ብዙ ናቸው።

ኤክሴል በኤንቪዲኤ ጥሩ ይሠራል። በማውዝ መሄድ ይቀርና በቀስት ቁልፎች ከሴል ወደ ሴል ይሄዳል፤ እያንዳንዱ ሴል ቁጥሩንና አድራሻውን ይነግረዋል። ፎርሙላ እሱ ራሱ ይጽፋል። ጠቅላላ ደመወዝ፣ ትርፍ ሰዓት፣ የሥራ ግብር፣ ከሠራተኛው 7 በመቶ ከአሠሪው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ፣ ይህ ሁሉ ዓይን የሚጠይቅ ሒሳብ አይደለም። የፔሮሉን ደንብ የሚያውቀው ጭንቅላቱ ነው፣ እሱ ደግሞ ደህና ነው። ፋብሪካው የተለየ የሒሳብ ሶፍትዌር የሚጠቀም ከሆነ ግን ቀድሞ ይሞከር። አንዳንዱ ሶፍትዌር በስክሪን አንባቢ ይነበባል፣ አንዳንዱ አይነበብም። ካልተነበበ ዳታውን ወደ ኤክሴል አውጥቶ መሥራት ይቻል እንደሆነ የአይቲ ሠራተኛው ያረጋግጥ።

ቢሮ ውስጥ የሚያደናቅፉት ሁለት ነገሮች ትንንሽ ይመስላሉ፣ ግን ቀን ያቃጥላሉ። አንደኛው ፎንት ነው። በቆዩት የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ደብዳቤ ለዓይን አማርኛ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን የእንግሊዝኛ ፊደልና የምልክት ክምር ነው፣ ስክሪን አንባቢው ጉራማይሌ ያወራል። ባልደረቦቹ በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ራሱ አማርኛ መሆኑን በሚያውቀው የፊደል አጻጻፍ፣ ይጻፉ፤ ወጪ የለውም። ሁለተኛው ስካን ነው። ማህተም ተመትቶ በፎቶ የሚላክ ደብዳቤ ለስክሪን አንባቢው ባዶ ወረቀት ነው። ማህተም ያለበት ለፋይል ይቀመጥ፣ ጽሑፉ ግን አብሮ በዎርድ ይላክለት። ይህን ሁለቱን ያስተካከለ ቢሮ ለቀጣዩ ዓይነ ስውር ሠራተኛም ዝግጁ ነው።

የማይችለውንም እንናገር። በእጅ የተጻፈ የመገኛ ሰዓት ወረቀት ማንበብ፣ ፊርማ ከፊርማ ማመሳከር፣ ጥሬ ገንዘብ መቁጠርና መክፈል እሱ ላይ መጫን የለባቸውም። እነዚህን ጎኑ ያለው ባልደረባ ይሥራ፤ በምትኩ የባልደረባውን የኤክሴል ሥራ ወይም የስልክ ጥያቄ እሱ ይውሰድ። የሥራ ልውውጥ ነው። ልመና አይደለም፣ ውለታም አይደለም።

ሕጉ ከጎኑ ነው። አዋጅ ቁጥር 568/2000 የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግግ ነው። አሠሪው ለሠራተኛው ምቹ የሥራና የሥልጠና ሁኔታ እንዲያመቻች፣ ሥራውን እንዲያከናውን የሚያግዘው ረዳት እንዲመድብ ያዛል። አድልዎ ተፈጽሞብኛል ባይ ክስ ካቀረበ ደግሞ አለመፈጸሙን የማስረዳት ሸክም ወደ አሠሪው ይዞራል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም በአካል ጉዳት ምክንያት ሠራተኛን መለየት ይከለክላል። በዚሁ አዋጅ የሕመም ፈቃድ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር ይደርሳል፦ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ። የሕክምና ማስረጃው ፋይሉ ውስጥ መግባቱን ዛሬውኑ አረጋግጡ። እስካሁን የቀረበት ቀን «ያለ ፈቃድ» ተብሎ ከተመዘገበ አደጋ ነው።

ሕጉ ገደብም አለው። አሠሪው ሊሸከመው የማይችለውን ወጪ እንዲያወጣ አይገደድም። ነፃ ፕሮግራምና የጆሮ ማዳመጫ ግን የማንንም ፋብሪካ አያከስሩም። ፍርድ ቤት ደግሞ የመጨረሻው በር ነው፤ እዚያ ከተደረሰ በሁለቱ መካከል አብሮ የመሥራት ፍላጎት ያልቃል። ስለዚህ በክስ ሳይሆን በደብዳቤ ይጀምር። ደብዳቤው አጭር ይሁን፦ እይታዬን አጥቻለሁ፤ ሥራዬን መቀጠል እፈልጋለሁ፤ ለስክሪን አንባቢና ለመንቀሳቀስ ሥልጠና ይህን ያህል ጊዜ እጠይቃለሁ፤ ስመለስ ኤንቪዲኤ ያለበት ኮምፒውተርና እነዚህን ሁለት ሥራዎች የሚለዋወጠኝ ባልደረባ ያስፈልገኛል። ቀን ይኑረው፣ ገቢ ተደርጎ ቁጥር ይሰጠው፣ ኮፒው እጁ ላይ ይቅር። ማንም በቃል ቢመልስለት «በጽሑፍ ስጡኝ» ይበል።

ስለ ፊርማ አንድ ነገር ጨምሬ ልለፍ፣ ቤተሰብ ውስጥም ስለሚያጣላ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1728 የዓይነ ስውር ፊርማ ወይም የጣት አሻራ በውል አዋዋይ፣ በመዝገብ ሹም ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ እሱን አያስገድደውም ይላል። ለጥበቃ የተደነገገ ነው። ማንም ዘመድ «እዚህ ላይ ፈርም» ብሎ የውክልናም ሆነ የሽያጭ ወረቀት እጁ ላይ አያስቀምጥ። ገለልተኛ ሰው ጮክ ብሎ ያነበበለትን፣ እሱም የገባውን ብቻ ይፈርም። የባንክ ካርዱና የሚስጥር ቁጥሩም የእሱ ብቻ ይሁኑ። ስልኩ እየተናገረለት ቴሌብርን በ*127# ራሱ ሊጠቀም ይችላል። ጥሬ ብር በአስተጣጠፍ ይለያል፤ ለምሳሌ 200 ሳይታጠፍ፣ 100 አንዴ ታጥፎ፣ 50 ሁለቴ ታጥፎ። ብሩን መጀመሪያ የሚለይለት ሰው የሚያምነው ይሁን እንጂ ማጠፉን እሱ ያድርገው።

ሰዎች የትነበርሽ ንጉሤን እያነሱ «እሷ ችላለች፣ አንተም ትችላለህ» ሲሉት ትሰሚ ይሆናል። የትነበርሽ የአማራ ሳይንት ልጅ ናት። አምስት ዓመቷ ላይ ዓይኗን አጥታ፣ ሻሸመኔ ተምራ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጥንታ፣ በ2017 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝታለች። ወሎ በእሷ ቢኮራ ሐቅ ነው። ለወንድምሽ ግን እንደ ጅራፍ አትጠቀሙባት። እሷ በልጅነቷ ከዓይነ ስውርነት ጋር ያደገች ናት። እሱ በ34 ዓመቱ ሁሉን እንደ አዲስ የሚማር ነው፤ መንገዱም ድካሙም ይለያያል። ከእሷ ታሪክ የሚጠቅማችሁ ዝናዋ ሳይሆን የተማረችበት ሁኔታ ነው፤ ትምህርቱ በጊዜ ተሰጣት፣ በሩ ተከፈተላት።

በሩን የሚከፍተው ደግሞ ሰፈሩና ከተማው ነው። አንድ ቀበሌ ከወንድምሽ ቤት እስከ መናኸሪያ ያሉትን ክፍት ቦዮች ቢከድን የሚጠቅመው አሮጊቷንም፣ ነፍሰ ጡሯንም፣ ማታ የሚገባውን ተማሪም ነው። ይህን በጽሑፍ ጠይቁ፤ አንድ ሰው ከሚጠይቅ ዕድሩ ቢጠይቅ ይሰማል። የባጃጅ ማህበሩን አነጋግሩ፣ መቆሚያቸው ከእግረኛው መንገድ ይውጣ። የታክሲ ረዳቱም መውረጃው ሲደርስ ስሙን ጮክ ብሎ ይጥራ፤ እንደዚያ የሚያደርጉ ረዳቶች አሉ፣ ያላደረገው ደግሞ ቢነገረው አያስቸግርም።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። በዚህ ሳምንት የሕክምና ማስረጃውና ደብዳቤው ፋብሪካው ይግቡ፣ ኤንቪዲኤ ቤት ባለ ኮምፒውተር ላይ ይጫን፣ የአንቺም የዓይን ምርመራ ቀጠሮ ይያዝ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ለበትሩና ለስክሪን አንባቢው ይሁኑ፤ ሁለቱም አብረው ይሂዱ። ሦስተኛው ወር ላይ ወደ ቢሮ ይመለስ፤ መጀመሪያ ለግማሽ ቀን፣ ያለፈውን ወር ፔሮል ከባልደረባው ጎን ለጎን እየሠራ። ሁለቱ የሠሩት ይመሳከር። ስህተት ቢኖር የቱ ጋ እንደተፈጠረ ይታይና ይታረም። ሙሉ ኃላፊነቱን የሚረከበው ውጤቱ ሲገጥም ነው። ብሬሉን ከዚያ በኋላ ይጀምር፤ የመድኃኒት ጠርሙስና የፋይል መለያ ለመጻፍ ብቻ እንኳን ያዋጣዋል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ፔሮሉ ካልሆነ፣ ለምሳሌ የፋብሪካው ሶፍትዌር ፈጽሞ የማይነበብ ቢሆን፣ ያኔም መልቀቂያ አይጻፍ። እዚያው ፋብሪካ ውስጥ ወደ ሌላ የሥራ መደብ ይዛወር ብሎ ይጠይቅ። የሠራተኛ ጉዳይ፣ የአዲስ ሠራተኞች ማስተዋወቂያ፣ የደንበኞች ስልክ፣ የቅሬታ መቀበያ፣ የፋብሪካውን ደንብና ሰው አብጠርጥሮ የሚያውቅ ሠራተኛ የሚፈልጉ ቦታዎች ናቸው። ጥያቄው በጽሑፍ ይሁን፤ እምቢ ካሉትም እምቢታቸው በጽሑፍ ይሁን። ያን ወረቀት ይዞ የሠራተኛ ማህበሩን፣ ቀጥሎም በከተማው የሠራተኛ ጉዳይ የሚመለከተውን የመንግሥት ቢሮ ያነጋግር። ወደ ጠበቃ የሚኬደው ከዚያ በኋላ ነው።